ጤፍ የጫነች ሚያታ

ከሰኞ እስከ ዓርብ ዋሽንግተን ዲሲ መሀል፣ ከመሬት በታች ሦስት ፎቅ የወረደ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራለሁ። የሥራ መሣሪያዬ ሁለት ነው፤ የቲኬት ማሽንና ብርቱካናማ ኮን። ኮን ባቆምኩበት ማንም አያልፍም። ጠበቃውም ዶክተሩም የትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊውም ኮኔን ሲያይ ፍሬን ይይዛል። እሑድ ሲሆን ግን ገንዘብ ከፍዬ፣ ሰፊ ሜዳ ላይ በተደረደሩ መቶ ምናምን ኮኖች መሀል ውሻ እንዳባረራት ፍየል እየተጠማዘዝኩ እነዳለሁ።

ባለቤቴ ነገሩን አዲስ አበባ ላሉት እናቷ በስልክ ልታስረዳ ብዙ ደከመች። መጨረሻ ላይ «እማዬ፣ ሰኞ ኮን ያቆማል፣ እሑድ ኮን ይገጫል፣ በቃ» ብላ አሳጠረችው። ከወዲያ በኩል ጥቂት ዝም ተባለ። ከዚያ «ጸበል ሞክራችኋል?» የሚል ድምፅ መጣ።

ስፖርቱ አውቶክሮስ ይባላል። ባዶ የስታዲየም ፓርኪንግ ወይም ከአገልግሎት የወጣ የአውሮፕላን ማረፊያ አስፋልት ላይ በኮን መንገድ ይሠራል። መኪኖች አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፤ ፉክክሩ ከሰዓት ጋር ነው። አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ኮን ከገጨህ በያንዳንዱ ሁለት ሰከንድ ይጨመርብሃል፤ በር ስተህ ካለፍክ ደግሞ ዙሩ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ፍጥነቱ አውራ ጎዳና ላይ ከሚነዳው ብዙም አይበልጥም፤ ጉዱ መታጠፊያው ላይ ነው። በዚያ ላይ አንተ በማትነዳበት ሰዓት ሜዳው ላይ ቆመህ ሌላው የገጨውን ኮን እየሮጥክ ማቅናት ግዴታህ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት አስተባባሪዋ ኮን እንዴት እንደሚቀና ልታሳየኝ ጎንበስ ስትል «እሱን ተዪልኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ» አልኳት።

መኪናዬ የ1990 ማዝዳ ሚያታ ናት። ቀይ፣ ሁለት መቀመጫ፣ በእጅ የሚታጠፍ የሸራ ጣሪያ። ይህች መኪና ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 ቺካጎ አውቶ ሾው ላይ ነው። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷ 116 ፈረስ ነው፤ ክብደቷ አንድ ቶን አይሞላም። ጉልበት የላትም ይሏታል፤ እውነታቸውን ነው፤ የጎረቤቴ ሚኒቫን በቀጥታ መንገድ ትቀድማታለች። ግን ቀላል ናት፣ የምትገፋው በኋላ ጎማ ነው፣ አራቱም ጎማዎቿ ደግሞ ከገላዋ ጋር የተያያዙት ላይና ታች ባሉ ሁለት ብራቾዎች (ክንዶች) ነው። በዚያ ዘመን በዚያ ዋጋ እንዲህ ያለ እግር ያላት መኪና ማግኘት ቀላል አልነበረም። ጎማው ሲወጣም ሲወርድም አስፋልቱን በደንብ እንደረገጠ የሚያቆየው ይህ አሠራር ነው።

ጃፓኖቹ ሲሠሯት «ጂንባ ኢታይ» የሚል መመሪያ ነበራቸው፤ ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ይሁኑ ማለት ነው። ይህን ለሌላው ሕዝብ ለማስረዳት ብዙ ወረቀት ፈጅተዋል። እኛ ዘንድ ቢመጡ በአንድ ቡና ያልቅ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፤ ሰውየው ራሱ በፈረሱ ስም የሚጠራበት አገር ነው። እኔም ሚያታን እንደገዛሁ አንድ ጥሩ የፈረስ ስም ሳሰላስል ሰነበትኩ። ስሙ በኋላ ካላሰብኩት ሰው አፍ መጣ፤ እደርስበታለሁ።

የመጀመሪያው ተመልካች የጎረቤታችን አባት ነበሩ። ፒያሳ አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ መካኒክ ሆነው ኖረዋል፤ አሁን ልጃቸው ዘንድ ቨርጂኒያ መጥተው፣ የሚበላሽ መኪና አጥተው ይቆዝማሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አንዴ ዞሯት። ፓራፋንጎዋን በሁለት እጃቸው ጫን አድርገው ለቀቁት። ሚያታ ወረደች፣ ወጣች፣ ወረደች፣ ወጣች፣ ደግሞ ወረደች።

«ሴይቼንቶ ናት» አሉ፤ ያቺን ትንሽ የጣሊያን መኪና ማለታቸው ነው።

«ጋሼ፣ ማዝዳ ናት።»

«አውቃለሁ። ጣሪያዋን ተገፍፋ ጃፓን የሄደች ሴይቼንቶ ናት።» እንደገና ተጫኗት። «አሞርዛተሯ ሞቷል። መቼ እንደሞተ ግን አልተነገራትም።»

ትክክል ነበሩ። የመጀመሪያ ውድድሬ ላይ አንድ ሰው ያነሳልኝ ፎቶ አለ። መኪናዋ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ገላዋ ወደ ግራ ተዘርግፎ፣ የውጪው ጎማ ተጨፍልቆ፣ የውስጡ ከመሬት ሊነሳ ምንም አልቀረው። ባለቤቴ ፎቶውን አይታ «ውሻ አጥር ሥር እንደዚህ ነው የሚያደርገው» አለች።

እዚህ ላይ ስለ ሞላና አሞርዛተር ትንሽ ልበል፤ ከጋሼ የተማርኩት ነው። የሞላ ሥራ መሸከም ነው። ሞላ ግን ትኩስ ጎረምሳ ነው፤ አንዴ የነካኸውን እሱ አሥር ጊዜ ይመልስልሃል። አሞርዛተር ሽማግሌው ነው። ውስጡ ዘይት አለ፤ ሞላው ተቆጥቶ ሲዘል ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ማለፍ ግድ ስለሚሆንበት ያ ሁሉ ቁጣ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይበርዳል። ሽማግሌው ከሞተ ሰፈሩ ሲናጥ ይውላል ማለት ነው።

እኔ ደግሞ የራሴ ንድፈ ሐሳብ ነበረኝ። መኪናዋ ስለምትጋደል ክብደቷ ወደ ውጪ ጎማ ይሄዳል፤ ጠንካራ ሞላ ካስገባሁ አትጋደልም፤ ካልተጋደለች ክብደቱ አይሄድም። ሲሰማ ያምራል፤ ግን ስህተት ነው። ወደ ውጪ የሚሄደውን ሸክም የሚወስነው መኪናዋ ምን ያህል እንደምትከብድ፣ ክብደቷ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደተቀመጠ፣ የግራና የቀኝ ጎማዋ ምን ያህል እንደተራራቁና አንተ በምን ያህል ጭካኔ እንደምታጥፋት ነው። ሞላው ድንጋይ ቢሆንም ሸክሙ ይሄዳል። ጠንካራ ሞላ የሚጠቅመው ገላዋ ስለማይጋደል ጎማው በጠርዙ ብቻ እንዳይረግጥ፣ እንዲሁም ሸክሙን ፊትና ኋላ እንዴት እንደሚካፈሉት አንተ እንድትወስን ነው። ፊቱን ከልክ በላይ ካጠነከርከው አፍንጫዋ አልታጠፍም ትላለች። ኋላውን ካጠነከርከው ጭራዋ ልቅደም ትላለች። ሁለቱንም አይቻለሁ፤ የጭራው የበለጠ ያስደነግጣል።

እናም ቁመቱ በጥርስ የሚስተካከል፣ ሞላና አሞርዛተሩ አንድ ላይ የሆነ ኮይልኦቨር የሚሉትን ዕቃ አዘዝኩ። 1,100 ዶላር። የሞላው ጥንካሬ ፊት 10 ኪሎ፣ ኋላ 6 ኪሎ። የፊቱን ሞላ አንዲት ሚሊሜትር ለማጨቅ አሥር ኪሎ ትጭንበታለህ ማለት ነው። ጋሼ ቁጥሩን ሰምተው ኩባያቸውን አስቀመጡ።

«እኛ ጋራዥ የሚመጣ ደንበኛ ‹መኪናዬ ታንገጫግጨኛለች› ይለን ነበር» አሉ። «አንተ ‹አታንገጫግጨኝም› ብለህ ነው የምትከፍለው?»

መልስ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ቪትዝ የገዛ ዘመዴ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ከሞላው ጋር ማስነሻ አስገብቶ መኪናውን ከጉድጓድና ከፍጥነት መቀነሻ ማዳን ነበር። እኔ አስፋልቱ በተነጠፈበት አገር ገንዘብ ከፍዬ ወደ መሬት ልወርድ ነው።

በምንኖርበት አፓርትመንት ግቢ መኪና መፍታት ክልክል ስለሆነ ሥራውን ቅዳሜ ወንድሜ ቤት ደጅ ላይ ጀመርን። ጋሼ ወንበር ወጥቶላቸው ተቀመጡ። አንድ ችግር ወዲያው ታየ። እኔ የማውቀው የመካኒክ ቃል ሁሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ስልኬ ላይ የከፈትኩት ቪዲዮ የሚያስረዳው በእንግሊዝኛ ነው፤ መኪናዋ ጃፓን ናት። ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ፣ ቸርኬ፤ እነዚህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ወንድሜ የመለዋወጫ ሱቅ ሄዶ «ጎሚኒ አላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ልጁ ከካሸሩ ፊት ያለውን የከረሜላ መደርደሪያ አሳየው።

ሁለተኛው ችግር ጨው ነው። እዚህ አገር ክረምት ሲመጣ በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይረጫል። ሚያታ ደግሞ ሠላሳ ምናምን ክረምት ልሳለች። የታች ብራቾዋ ረጅም ብሎን ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። ዘይት ረጨንበት፣ በመዶሻ አባበልነው፣ በእሳት አስፈራራነው፣ ወንድሜ ሰደበው። ለአንድ ብሎን ሦስት ሰዓት ተኩል። ጋሼ ከወንበራቸው ሆነው «አትቸኩሉ፤ ይሰማል» ይሉ ነበር። መጨረሻ ላይ «ጧ!» ብሎ ሲላቀቅ የጎረቤት ውሻ ጮኸ፤ እኛም ጮህን።

የድሮውን ሞላ በማጨቂያ ይዘን ስንፈታ ብቻ ነው ጋሼ ከወንበራቸው የተነሱት። ሞላው ታጭቆ ሳለ ማንም ፊቱን ከጫፉ ትይዩ እንዳያደርግ፣ ማንም እንዳያወራ አዘዙ። የታጨቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ያቺን አሥር ደቂቃ ደጁ እንደ ቤተ ክርስቲያን ነበር።

ስህተቱን የሠራሁት ከዚያ በኋላ፣ ጋሼ ምሳ በልተው ሶፋ ላይ ሸለብ ባደረጋቸው ሰዓት ነው። አዲሱን ዕቃ አስገባሁ፤ መኪናዋ በድጋፍ ላይ እንደተሰቀለች፣ ጎማዎቿ እንደተንጠለጠሉ፣ የብራቾዎቹን ብሎኖች በሙሉ በኃይል አጠበቅኳቸው። ላቤን ጠርጌ፣ ክሪኩን አወረድኩና ወደ ኋላ ሄጄ አየኋት። ሚያታ ተረከዘ ረጅም ጫማ አድርጋ ቆማለች። ዝቅ ልትል የተከፈለባት መኪና ከበፊቱ ከፍ ብላለች! ብጫናት ንቅንቅ የለም።

ጋሼ ዓይናቸውን እያሹ ወጡ። አንዴ አዩዋት።

«ተንጠልጥላ ነው ያጠበቅከው?»

«አዎ ጋሼ።»

«በል ፍታው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የብራቾው ጎሚኒ ከውስጥ ቱቦውም ከውጪ ብረቱም ጋር የተጣበቀ ጎማ ነው። አይሽከረከርም፤ ይጠመዘዛል እንጂ። ብሎኑን ስታጠብቅ የነበረበትን ቦታ ማረፊያዬ ብሎ ይይዛል። መኪናዋ ተሰቅላ ሳለ ካጠበቅከው መሬት ስትወርድ ሁልጊዜ እንደተጠማዘዘ ይኖራል፤ ገላዋን ወደ ላይ ይገፋል፣ ቆይቶም ይቀደዳል። ጋሼ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፤ «ተንጠልጥሎ የታሰረ ጎሚኒ፣ መሬት ብታወርደውም ያንኑ ሲናፍቅ ነው የሚኖረው» አሉ። እኔና ወንድሜ ተያየን። ስለ መኪናዋ ይሁን ስለ እኛ እስካሁን አልጠየቅናቸውም። ብሎኖቹን አላላን፤ ጎማዎቿን ሳንቃ ላይ አውጥተን ክብደቷን እግሯ ላይ ካሳረፍን በኋላ፣ በደረቴ ተስቤ ሥሯ ገብቼ እንደገና አጠበቅኩ።

ሌላው ጥፋቴ የዓይን ነው። ዝቅ ያለች መኪና ስለምታምር ሁለት ኢንች አወረድኳት። በሳምንቱ የክርስትና ግብዣ ነበረብን፤ ባለቤቴ ዶሮ ወጥ ሠርታ ድስቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተሳፈረች። ኮሎምቢያ ፓይክ የሚባለው መንገድ ላይ አንዲት የተጠገነች የአስፋልት ቁራጭ አለች፤ በቀድሞው መኪናችን አይቻት አላውቅም። «ጓ!» አለ። ቀጥሎ ያለችው «ጓ! ጓ!» አለች። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም፤ ዝምታዋን ግን ከሞተሩ ድምፅ በላይ እሰማው ነበር። አሥራ ሁለት እንቁላል ይዛ ተነሥታ ዘጠኝ ይዛ ደረሰች። ሦስቱ የት እንደገቡ በማግሥቱ ከመቀመጫው ሥር በሽታቸው አገኘኋቸው።

ጓ ያለው ከአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ያለው የጎማ መከላከያ ነው። የሚያታ እግር ድሮም ብዙ መውረጃ ቦታ የለውም። ከልክ በላይ ዝቅ ካደረግካት ገና ከመነሻዋ በዚያ መከላከያ ላይ ተቀምጣለች ማለት ነው። መንገድ ላይ ወጥ ይደፋል። ውድድር ላይ ደግሞ መታጠፊያው መሀል ስትደርስ ሞላው በድንገት ግድግዳ ይሆናል፤ የመኪናዋ ጎማ አስፋልቱን መያዙን ትቶ ይንሸራተታል። አንድ ኢንች መልሼ ከፍ አደረግኳት። ውበቷ ቀነሰ፤ ትዳሬ ተረፈ።

የቀረው አላይመንት ነበር። ለውድድር ጎማው አናቱ ወደ መኪናዋ ያዘነበለ መሆን አለበት፤ እኔ ሁለት ዲግሪ ተኩል ፈልጌ ነበር። ቆማ ስትታይ ገና የተወለደ ጥጃ እግሩን ከፍቶ እንደሚቆመው ትሆናለች። ስትታጠፍ ግን ገላዋ ስለሚያዘነብል የውጪው ጎማ ያኔ ቀና ብሎ በሙሉ ገጹ ይረግጣል። ደግነቱ ሚያታ በአራቱም ጎማ ይህን ማስተካከል ትፈቅዳለች፤ የታች ብራቾው የሚታሰርበት ብሎን መሀሉ ወደ አንድ ጎን ያመዘነ ስለሆነ ስታዞረው ብራቾውን ይገፋል ወይም ይስባል።

ልኬቱ ትክክል የሚሆነው ግን ሹፌሩ በቦታው ተቀምጦ ሳለ ከተለካ ነው። አንድ ቶን በማትሞላ መኪና ላይ ሰማንያ ኪሎ ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ በግራ በኩል ያወርዳታል። ጋራዡ ደግሞ በኢንሹራንሱ ምክንያት ደንበኛ ማንሻው ላይ አይፈቅድም። እኔን የሚያህል ነገር መቀመጫው ላይ መቀመጥ አለበት።

ባለቤቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቅ ስለምታስረክብ ጤፍ ከቤታችን አይጠፋም። ከአይዳሆ የሚመጣው፣ ባለ 25 ፓውንዱ ከረጢት። እኔ 176 ፓውንድ ነኝ። ሰባት ከረጢት 175 ይመጣል። የቀረችውን አንድ ፓውንድ ቁርስ አልበላሁም ብዬ ተውኳት። እሷ ሥራ ላይ ሳለች ሰባቱንም ጫንኩና ጋራዡ ጋ ስደርስ እኔ ወርጄ የሹፌሩን ቦታ ለእነሱ ለቀቅኩ፤ ሁለት መቀመጫው ላይ፣ አራት እንደ ደረትና ሆድ ተደራርበው፣ አንዷን ፔዳሉ ጋ ለእግር። ቀበቶ አሰርኩላቸው።

የጋራዡ ልጅ በሩን ከፍቶ አየና «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ ማሽኑን ጀመረ። ሥራውን በሥርዓት ሠርቷል፤ አልዋሽም። ከረጢቶቹን ስመልስ አንዷ ጥጓ ላይ መቀደዷን ያየሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ባለቤቴ ያን ሰሞን «ይሄ ጤፍ ምን ምን ይላል?» ስትል ሰነበተች። አይዳሆ ዝናብ በዝቶ ይሆናል አልኩ።

እሑድ ደረሰ። ጋሼ ነጠላቸውን ደርበው፣ ባለቤቴ ስልኳን ይዛ ከአጥሩ ወዲያ ቆመዋል። ጣሪያውን አጥፌ ተነሣሁ። መጀመሪያው ጠባብ መታጠፊያ ላይ መሪውን በኃይል ስሰብር፣ ከመቀመጫው ሥር የተደበቀው የጤፍ ዱቄት ሁሉ ተነሥቶ ነጭ ደመና ሆነ። አፌ ጤፍ፣ መነጽሬ ጤፍ። ሜዳው ዳር የቆመችው ልጅ እሳት መስሏት ቀይ ባንዲራ አወዛወዘች። ሁለት ሰዎች የእሳት ማጥፊያ ይዘው እየሮጡ መጡ። ዱቄት ነው ብላቸው የምን ዱቄት ብለው በጥርጣሬ አዩኝ፤ ይህ ጥያቄ በዚህ አገር ቀላል ጥያቄ አይደለም። እንጀራ የሚባል ነገር እንዳለ ራስ ቁር አድርጌ አስረዳሁ። ዙሩ እንዲደገምልኝ ተፈቀደ።

ሁለተኛው ላይ ሚያታ ሌላ መኪና ነበረች። መሪውን ስነካው ወዲያው ትመልሳለች፤ መጀመሪያ ጋደል ብላ ተማክራ ቆይታ መታጠፉ ቀርቷል። ሰዓቱ 55.1 ሰከንድ። ያላስነካኋት ሚያታ ተመሳሳይ መንገድ ላይ 58 ገደማ ነበረች። ሦስት ሰከንድ በዚህ ስፖርት ርስት ነው። ግን ሁለት ኮን ገጭቻለሁ፤ 59.1። አንደኛው ወድቋል። ሁለተኛው የትም የለም። ጋሼ ከአጥሩ ወዲያ እጃቸውን ወደ መኪናዋ ሆድ ይጠቁማሉ። ዝቅ ስላደረግኳት ኮኑ ሥሯ ገብቶ ተሰክቷል፤ ከግማሽ መንገድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው እየጎተትኩት መጥቻለሁ።

በዚያ ላይ ሞላ የነካ ሰው ምድቡ ይለወጣል። በደንቡ አሞርዛተር ብትቀይር እዚያው ትቆያለህ፤ ሞላ ከቀየርክ ግን መኪናቸውን እንዳንተ ካስነኩት ጋር ትሰለፋለህ። በድሮው ምድቤ ከአሥራ አንድ ዘጠነኛ ነበርኩ። አሁን ከአሥራ አራት አሥራ አራተኛ ሆንኩ። በድሮው ምድብ ያሸነፈችው ፀጉሯ የሸበተ፣ ሞላዋ ከፋብሪካ እንደወጣ የሆነ፣ ገንዘቧን በሙሉ ጥሩ ጎማ ላይ ያዋለች ሴትዮ ናት። ከእኔ ፈጥናለች። መጥታ ጤፉን ጠየቀችኝ፤ ግሉተን የለውም ስላት የት እንደሚሸጥ ጻፈች።

የፈረስ ስሙ የወጣው ወደ ቤት ስንመለስ ነው። ባለቤቴ ቪዲዮውን ለእናቷ ልካ ኖሯል። ስልኩ ጠራ፤ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ሚያታ ያላችኋት ይህች ናት?» አሉ አማቴ። ትንሽ ሳቁ። «እንግዲህ አባ ኮን በሉት።»

ጋሼ ከዚያን ዕለት ማታ ጀምሮ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባሁ። አንድ ትልቅ ጂፕ ከመግቢያው ሲጠማዘዝ በኋላ ጎማው ኮኔን ነካው፤ ኮኑ ተንገዳግዶ ወደቀ። እጄ ሳላዝዘው ተነሣ፤ አፌም «ፕላስ ሁለት!» ብሎ ጮኸ። ሰውየው ቆመ፣ መስኮቱን አወረደ፣ ፊቱን አኮማተረ። ዋጋ ጨምሯል ብሎ ይሆናል፤ ሁለት ዶላር ቆጥሮ ሰጠኝና አለፈ። ኮኑን አቀናሁት።